አረንጓዴው ጥጥ

ፖሊሶች የያዙኝ ከነሥራ ጋውኔ ነው። አሶሳ፣ በምሠራበት ላቦራቶሪ፣ ከሰው ጆሮ የወጣ መግል የዘራሁበትን ሳህን ይዤ ቆሜ ነበር። አንደኛው ፖሊስ ምን እንደማራባ ጠየቀኝ፤ ጀርም ነው ስለው ዞሮ ጓደኛውን አየው። ቢሮ ስንደርስ ወንጀሌ ከታጠቁ ሰዎች ጋር መገናኘት ነው ተባልኩ። እኔ እቴ! ከጀርም በቀር ከማን ጋር ተገናኝቼ አውቃለሁ?

የታሰርኩበት ክፍል ቆርቆሮው ከቀትር በኋላ ይጋያል። ካቦው፣ እስረኛውን የሚያስተዳድረው እስረኛ፣ መኝታ ሲያሳየኝ በር ሥር ወደተኛ ሰው በአገጩ ጠቆመኝና «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለኝ። ሰውየው ሱዳን ድንበር ላይ ካለችው ከኩርሙክ የመጣ ነጋዴ ነው። በአንድ ጆሮው ጥጥ ወትፏል፤ ሰው ሲያወራ አፍ አፉን ያያል። ሰላይ ነው ይሉታል። ጥጡ አረንጓዴ ስለነበር ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ቅጠል እየጨመቀ ጆሮው ውስጥ ያደርጋል፣ ታመምኩ ብሎ ወጥቶ ከእኛ የሰማውን ለፖሊስ ሊያራግፍ ነው ይባላል። ወደ ማዕዱ የሚያስጠጋው አልነበረም፤ ብቻውን ነበር የሚበላው። እኔም ጠረጠርኩት፤ ስሜን እንኳ አልነገርኩትም።

አንድ ጠዋት ከጆሮው ጀርባ አብጦ፣ ጆሮው ወደ ፊት ተገፍቶ አየሁ። ጥጡን አስወጥቼ አሸተትኩት። ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታል፤ የማንጎ ቅጠል እንዲህ አይሸትም፤ መግልን አረንጓዴ የሚያደርግ ጀርም ግን እንዲህ ሊሸት ይችላል።

በጆሮ መግል ውስጥ የሚገኙ ሁለት ጀርሞች አሉ። ቀለም ነክረህ በማይክሮስኮፕ ስታያቸው ሁለቱም ቀያይ ዘንግ ናቸው፣ መንታ በላቸው። ካሳደግካቸው በኋላ አንድ መለያ ጠብታ ሲነካቸው ግን አንዱ ወይን ጠጅ ይሆናል፣ ሌላው እንደነበረ ይቀራል። ለሰውየው ከእስር ቤቱ ክሊኒክ የተሰጠው ክኒን አንዱን ሊያጠፋው ይችላል፤ ወይን ጠጅ ለሚሆነው ግን ምኑም አይደለም። ሰውየው ያለበት ይኸኛው ከሆነ መግሉ አጥንት በልቶ ወደ አንጎል ሊሄድ ነው።

«እኔ አይዋሽም፣ ሐኪም» አለኝ ነጋዴው። «ወላሂ፣ ያማል።»

በማግስቱ ጉዳዬን የያዘው መርማሪ አስጠራኝ። ወንበር ሰጠኝ፤ እዚያ ቤት ወንበር ሲሰጡህ ነው መፍራት። እሱም የቅጠሉን ወሬ ሰምቷል። ሰውየው ድንበር ላይ ያደገ ነው፣ ሆስፒታል ብንወስደው አምልጦ ሱዳን ይገባል አለ። አንተ ባለሙያ ነህ፣ ያስመስላል በለንና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ አለኝ።

እውነቴን ነው፣ ሚስቴ ፊቴ ላይ ድቅን አለች። ደግሞ ወጥመድ መሰለኝ። ያስመስላል ብል ሰው ገዳይ ልሆን፣ ታሟል ብል ተባባሪ ልባል።

«በዓይን አይለይም» አልኩት። «ናሙና ይወሰድና ይመርመር።»

«ቤትህ መግባት አትፈልግም?»

«እፈልጋለሁ። ግን ገምቼ ውጤት ሰጥቼ አላውቅም።»

ሳቀ። ማንጎ መሆኑን እርግጠኛ ስለነበር ይሁን አለ። እንዳይቀይሩብኝ ፈርቼ ናሙናውን ራሴ ካልወሰድኩ አልኩ። ከላቦራቶሪ ጫፉ ጥጥ የተጠቀለለበት ንጹሕ የናሙና መውሰጃ እንጨት አስመጡልኝ። እጄን ታጠብኩ፣ የሰውየውን ራስ ደገፍኩ፣ መግሉን ወስጄ ከደንኩና ለጠባቂው ሰጠሁ። ካቦው እያየኝ ምራቁን ተፋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ተጠረጠርኩ።

ውጤቱ ሲመጣ ማንም አልነገረኝም። ሰውየውን በሁለት ጠባቂ ሆስፒታል ሲወስዱት ግን ጠብታው ወይን ጠጅ እንደሆነ ገባኝ። እሱ ሄደ፤ እኔ ክረምቱን እዚያው ከረምኩ።

ከክረምቱ በኋላ ተፈታሁ፤ አሁን ሥራዬ ላይ ነኝ። አምና አሶሳ ገበያ ውስጥ አገኘሁት። አንድ ጆሮው ጨርሶ አይሰማም፤ በሕይወት ግን አለ። አቅፎኝ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ። ቀጥሎ ማን እንዳስያዘኝ፣ አሁን ከእነማን ጋር እንደምውል ጠየቀኝ። የወዳጅ ጥያቄ ይሆናል። እኔ ግን ስለ ዝናቡ አወራሁት።

ለሚስቴ ስነግራት «አሁንም ትጠረጥረዋለህ?» አለችኝ።

አፈርኩ። ግን አዎ አልኳት።