ሽምግልና በአዲስ ጥርስ

የላይ ጥርሴን አስነቅዬ አዲስ ለማስገጠም በጠቅላላው ስምንት መቶ አርባ ዶላር ወጥቶብኛል። ከዚህ ውስጥ ሠላሳው የጠበል ነው። ወደሱ እመጣለሁ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ሂልቶፕ ሰፈር፣ ብሮድ ጎዳና ዳር አንድ ጋራዥ ተከራይቼ ያገለገለ ፍሪጅ እሸጥ ነበር። የተበላሸውን በርካሽ እገዛለሁ፣ አስጠግናለሁ፣ ወልውዬ በሩ ላይ አቆመዋለሁ። ፍሪጅ አፍ የለውም፤ የሚናገርለት እኔ ነኝ። ከላይ የቀሩኝ ዘጠኝ ጥርሶች መነቃነቅ ሲጀምሩ ታዲያ ሱቁ የተነቃነቀ ያህል ደነገጥኩ።

ሐኪሙ አፌን ከፍቶ አየና፣ «ሁሉም ይነቀሉ፤ እዚያው ቁጭ እንዳልክ ሰው ሠራሹን እገጥምልሃለሁ» አለኝ።

«ስንት?»

«ለነቀላው ለአንድ ጥርስ ሠላሳ፣ ማደንዘዣው ዘጠና፣ አዲሱ ጥርስ አምስት መቶ።»

«ዘጠኙን በጅምላ አምጥቼልህ በችርቻሮ ታስከፍለኛለህ?»

ሳቀ። ጥርሱ ሙሉ የሆነ ሰው መሳቅ አይከብደውም። በካሽ ከከፈልኩ ከአዲሱ ላይ ሃምሳ እንደሚቀንስልኝ ተስማማን። አፌ ውስጥ እንደ ሊጥ ያለ ነገር ጠቅጥቆ ልክ ወሰደና ለሐሙስ ቀጠረኝ።

ሐሙሱን ያስመረጠኝ ሽምግልና ነው። አብሮኝ የሚኖረው ወጣት፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ የሚሠራ ጨዋ ሰው፣ ከከተማው ዳር ሂሊያርድ የምትኖር አንዲት ልጅ ወዷል። እዚህ አገር ያሳደጋት አጎቷ ነው። ይህ አጎት ደግሞ ለሥራ ወደ ቴክሳስ ሊሄድ ነው፤ ሽማግሌ የሚቀበለው ከመሄዱ በፊት ባለው እሁድ ብቻ፣ ካለፈ ለዓመት። ከሐሙሱ እስከዚያ እሁድ አሥር ቀን አለኝ። ድዴ ይደርቃል፣ ምላሴ አዲሱን ጥርስ ይለምዳል ብዬ አሰላሁ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ከተናገሩማ አለቀ» ይላል ወጣቱ።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። አጎትየው ከሁለት ዓመት በፊት ከኔ ፍሪጅ ገዝቷል።

ሐሙስ ጠዋት ሐኪም ቤት ደረስኩ። ነርሷ ጠየቀችኝ፦ «ከእኩለ ሌሊት ወዲህ የበላኸው ወይም የጠጣኸው ነገር አለ?»

«የለም።»

«ምንም?»

«ጠበል ብቻ።»

ምን እንደሆነ አስረዳኋት። የተባረከ ውሃ ነው፣ ከአገር ቤት በሰው የመጣ፣ ለእንዲህ ያለ ቀን ያስቀመጥኩት። የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው። አንድ ኩባያ ሙሉ።

«ውሃ ጠጥተሃል ማለት ነው።»

«ውሃ አይደለም፤ ጠበል ጾም አያስገድፍም!»

ሐኪሙን ጠራችው። እሱም ቆሞ በትዕግሥት ሰማኝና፣ «አምላክህ ላይቆጥረው ይችላል፤ ማደንዘዣው ግን ይቆጥረዋል» አለኝ። ለተበላሸው ቀጠሮ ሠላሳ ዶላር ከፍዬ ለሚቀጥለው ሐሙስ ተቀጠርኩ። አሥሩ ቀን ሦስት ሆነ።

በሁለተኛው ሐሙስ ምራቄን እንኳ በጥርጣሬ ነበር የዋጥኩት። ተኝቼ ነቃሁ፤ ዘጠኙ ሄደዋል፣ በቦታቸው አሥራ አራት ነጫጭ እንግዶች ገብተዋል። አፌ ውስጥ የሰው ጫማ ያስገቡብኝ መሰለኝ። ቅዳሜ አንድ ደንበኛ የፍሪጅ ዋጋ ጠየቀኝ፤ የመለስኩለት ፉጨት ነበር። ወጣቱ ያን ቀን እህል አልበላም። እኔም አልበላሁም፤ የኔው ግን በሌላ ምክንያት።

እሁድ ሦስት ሽማግሌዎች ሆነን አጎትየው ሳሎን ቆምን። ሽማግሌ ጉዳዩ እስኪሰማለት አይቀመጥም። የግማሽ ሰዓት ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ከነተረቱ፣ ከነምርቃቱ። ከንፈሬ ግን እንደ ዳቦ ተነፍቷል።

«ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጣን» አልኩ። አዲሱ ጥርስ ተንቀጫቀጨ። «ሠራተኛ ነው። አይጠጣም።» ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

አጎትየው ጠበቀ። «ለፍሪጅ ግማሽ ሰዓት ተናግረህ፣ ለሰው ይሄው ነው?»

ወደ አፌ ጠቆምኩ።

«እሺ፣ ነውርስ የለበትም?»

በደኅና አፌ ቢሆን፣ «እሱ ላይ ነውር መፈለግ ወተት ውስጥ ጥቁር መፈለግ ነው» ብዬ እጀምር ነበር። ያ ብዙ ቃል ነው፤ ያማል። እውነቱ ያጥራል።

«አለበት። ያንኮራፋል።»

ጓደኞቼ ወደ መሬት አዩ። ከኩሽናው እኔ የሸጥኩለት ፍሪጅ ሲያጓራ ተሰማ።

«ያም ያንኮራፋል» አለ አጎትየው። «የዚያን ቀን ጠይቄህ ነበር፤ ‹እንደ ሕፃን ነው የሚተኛው› አልከኝ!»

«አፍ ነበረኝ» አልኩ።

ሳቁ ነው የቀደመው። ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ከዚያ ዓይኑን ጠረገና ወንበሩን አሳየን። «ቁጭ በሉ። ዛሬ ስላልዋሸኸኝ ልጅቱን ሰጥቻለሁ። ፍሪጁን ግን ትቀይርልኛለህ።»

ሰኞ ጠዋት፣ ሳይሄድ፣ ድምፅ የሌለውን ወስጄ ተከልኩለት።

የወጣ፦ ስምንት መቶ አርባ ዶላር፣ ዘጠኝ ጥርስ፣ አንድ ፍሪጅ። የገባ፦ አሥራ አራት ጥርስ፣ አንድ የሚያንኮራፋ ፍሪጅ። ልጅቷ ተድራለች።