በቀይ ቀለም የጻፍኳቸው ሁለት ስሞች

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኳቸውም። ሦስት ጊዜ ልነግራቸው ሄጄ፣ ሦስቱንም ጊዜ ጾም ሽሬአለሁ ብዬ ያልሠራሁትን ኃጢአት ተናዝዤ ተመለስኩ። የሠራሁትን ግን እንደያዝኩት ወጣሁ። አንተ የምታነበኝ ሰው፣ አሁን ለአንተ የምጽፍልህ ከእሳቸው አብልጬ ስላመንኩህ አይደለም። ፊትህን ስለማላየው ነው።

ዘንድሮ የጤና ትምህርት የጀመርኩ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ትምህርት ቤቱ የተቀበለኝ ዶክተር አስረስ በጻፉልኝ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው «ጠንቃቃ ልጅ ነው» ይላል። ጠንቃቃ! እኔ?

የዛሬ ሦስት ዓመት ዶክተር አስረስ አራዳ ውስጥ፣ ጣሊያን ሠርቶት በሄደው አንድ ቤት፣ ሁለት ክፍል ያላት ክሊኒክ ነበረቻቸው። በአንደኛው ክፍል ሴቶችን ያክማሉ፤ በሌላው በማይክሮስኮፕ ይመራመራሉ። ባሕር ማዶ ሲማሩ የጀመሩት ጥያቄ ነበራቸው። ሴት ባረገዘች ቁጥር ጡቷ እንደ አዲስ ይሠራል፤ ልጁ ጡት ሲጥል መልሶ ይከስማል። ይህን ሁሉ የምትሠራ፣ በጡት ሥጋ ውስጥ የተደበቀች አንዲት እናት ሕዋስ አለች ይሉ ነበር። ሌሎቹ ሕዋሳት ከእሷ ይወለዳሉ፤ ልኳን የሳተች ዕለት ደግሞ የጡት ነቀርሳም ከእሷው ይወለዳል። ይህችን ሕዋስ ሲፈልጉ ፀጉራቸው ሸበተ፤ ሳያገቡም ቀሩ።

እኔ ጸሐፊያቸው ነበርኩ። ከሴት ጡት የወጣው እብጠት፣ ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚያቆየው ፎርማሊን ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ይገባል። እኔ የሴትዮዋን ስም፣ ዕድሜና አገር በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ከሥጋው ጋር እከተዋለሁ። ትእዛዙ አንድ ብቻ ነበር፤ በእርሳስ ጻፍ። እርሳስ ፎርማሊን ውስጥ ገብቶ አይለቅም።

አባቴ ግን የቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ቁም ጸሐፊ ናቸው። እኔም ያደግኩት ብራና ሲፍቁ፣ ቀለም ሲበጠብጡ እያየሁ ነው። በእርሳስ የተጻፈ ነገር ያላለቀ ሥራ ይመስለኛል። አንድ ቀን ብዕር ስቀርጽ ዶክተር አስረስ አዩኝና ሳቁ።

«በእርሳስ አልኩህ እኮ! ክታብ አይደለም የምትጽፍልኝ፣ ደብተራው።»

አብሬ ሳቅኩ። ሰምቼ ነበር? ሰምቼ ነበር። አልሰማሁም ብዬ ማምለጥ አልችልም።

ከዚያ በኋላ የጠቅላይ ግዛቱ ሹማምንት የምርምር ክፍሉን ሊጎበኙ እንደሚመጡ ተነገረን። በሚመጡበት ዕለት ጧት ከኮላ ድባ ሁለት ሴቶች መጡ፤ ወይዘሮ ስንዱና ወይዘሮ ዘይነባ። ጎረቤታሞች ናቸው። ሁለቱም ዕድሜያችን አርባ ነው አሉ። ወይዘሮ ስንዱ ማተባቸውን እየነካኩ ተቀመጡ። የጨርቅ ነጋዴ ሚስት የሆኑት ወይዘሮ ዘይነባ ግን ስማቸውን ስጽፍ እጄን አይተው ቀለዱብኝ።

«ምነው ልጄ፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል? የሚቆረጠው ያንተ ነው የኔ?»

«ተይው እስቲ ዘይነባ፣ ልጁን አታሳፍሪው» አሉ ወይዘሮ ስንዱ።

«ሸጋ ልጅ ነው። አንቺ ለሱ የምትሆን ሴት ልጅ የለችሽም?»

«ያለችኝ ገና ድዷ ነው የሚታየው። ጠብቅ በይው!»

ሦስታችንም ሳቅን። እኔም እየሳቅኩ በቀለም ጻፍኩ። ሹማምንቱ ያዩልኛል፣ ዶክተሩም ይኮሩብኛል ብዬ። ቅዱስ ስም በቀይ እንደሚጻፈው ሁሉ የሴቶቹን ስም በቀይ፣ ዕድሜያቸውንና አገራቸውን በጥቁር ጻፍኩ። ጥቁሩ አባቴ ከጥላሸት የበጠበጡት ነው። ቀዩ ከሱቅ የመጣ ነበር። የሁለቱም እብጠት በዚያው ቀን ሲወጣ ወረቀቶቹን ከየሥጋው ጋር በየብልቃጡ ከተትኩ፤ ዶክተሩ በእንግዶቹ ተጠምደው አላዩአቸውም።

በነጋታው ወደ ክፍሉ ስገባ በሁለቱም ብልቃጥ ያለው ፎርማሊን ደም መስሏል። ወረቀቶቹን በመቆንጠጫ አወጣኋቸው። «ዕድሜ አርባ፣ ኮላ ድባ» የሚለው በሁለቱም ላይ ደህና ነው። ስሞቹ ግን የሉም።

ሥጋውን ያወጡት ዶክተሩ በገዛ እጃቸው ናቸው። ብጠራቸው ኖሮ አይተው ይለዩት ነበር። ከእኔ የሚጠበቀው አሥር እርምጃ ሄዶ «አጠፋሁ» ማለት ብቻ ነበር። አልሄድኩም። ፈራሁ። የፈራሁትም ለሴቶቹ አልነበረም። የዶክተሩ ፊት በእኔ ላይ ሲለወጥ ማየትን ነው።

ፎርማሊኑን ቀየርኩ። ሁለቱን ሥጋዎች አስተያየኋቸው። አንዱ ክብ፣ ለስላሳና ነጣ ያለ ነው። ሌላው ደረቅ፣ ጠርዙ የተበጣጠሰ ነው። ያን ጊዜ ስለ ነቀርሳ መልክ የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ማስጠላቱን ግን አየሁ። ያሳቁኝን ወይዘሮ ዘይነባን ወድጃቸው ነበርና ስማቸውን በእርሳስ ጽፌ ከለስላሳው ጋር ከተትኩት። የሚያስጠላውን ለወይዘሮ ስንዱ ሰጠሁ። አዎ፣ ሰጠሁ። ዕጣ እንኳ አልጣልኩም። ለወደደው ሰው ጥሩውን እንደሚያነሣ አስተናጋጅ አደልኩ።

ዶክተሩ በማይክሮስኮፕ አይተው ፈረዱ፤ ወይዘሮ ስንዱ ነቀርሳ አለባቸው፣ ወይዘሮ ዘይነባ የለባቸውም። ከመቁረጣቸው በፊት ዳስሰው በማስታወሻቸው ላይ የጻፉት ግን ተቃራኒውን ነበር። የወይዘሮ ዘይነባን «እንደ ድንጋይ»፣ የወይዘሮ ስንዱን «የሚንሸራተት» ብለውታል። ማስታወሻውን ገልጠው አነበቡት።

«እጅ ይሳሳታል፤ ማይክሮስኮፕ አይሳሳትም» አሉና ዘጉት።

አጠገባቸው ቆሜ ነበር። እዚያም ላይ ዝም አልኩ።

የወይዘሮ ስንዱ ጡት ተቆረጠ። ድዷ የሚታየው ልጅ በአንድ ጡት አደገች። ወይዘሮ ዘይነባ ዶክተሩን መርቀው አገራቸው ገቡ። በዘጠነኛው ወር ተመልሰው ሲመጡ እብጠቱ እዚያው ቦታ ላይ ወጥቶ ብብታቸው ደርሷል። አሁንም ቀለዱ።

«እጅህ ዛሬም ይንቀጠቀጣል?» አሉኝ።

ፈገግ አልኩ። ረመዳን ሳይገባ ሞቱ።

የተቆረጠው የወይዘሮ ስንዱ ጡት ሲመረመር ጨርሶ ንጹሕ ሆኖ ተገኝቶ ነበር። ዶክተር አስረስ የሁለቱን ሴቶች ነገር ጎን ለጎን አድርገው አሰቡ። ከወይዘሮ ስንዱ እናት ሕዋሷ ከእብጠቱ ጋር አብራ ወጥታለች፤ ስለዚህ በጡቱ ውስጥ የቀረ ክፉ ነገር የለም። ከወይዘሮ ዘይነባ ደህናው እብጠት ብቻ ወጥቶ ሕዋሷ ቀርታለች፤ ኋላ ከፋች። ዕድሜያቸውን ሙሉ የፈለጉት ማስረጃ ይኸው ነበር። ሲነግሩኝ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«አየህ ደብተራው፣ አለች! አገኘናት!»

አገኘናት አሉ። እኔንም ቆጠሩኝ። የተገኘችው ግን እናት ሕዋስ አልነበረችም። የእኔ እርሳስ ነበረች። ጽሑፋቸውን ባሕር ማዶ ላኩት፤ ታተመ።

አምና ወይዘሮ ስንዱን ገበያ ውስጥ አገኘኋቸው። ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ደግፌ አነሣኋቸው።

«እናንተ ባትኖሩ ይሄኔ አፈር ነበርኩ። ዘይነባ፣ ምስኪን፣ ለሷ ሳይታወቅላት ቀረ» አሉኝ።

ምናልባት በትክክል ገምቼ ይሆን እንዴ እያልኩ ራሴን የደለልኩባቸው ቀናት አሉ። የዶክተሩ ማስታወሻ ግን አለ። ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። «እንደ ድንጋይ» የሚለውን አይቶ «ምናልባት» ማለት ራሱ ሌላ ኃጢአት ነው።

እስከ ትናንት ድረስ እንዲሁ ልኖር ቆርጬ ነበር። ለሞቱት ምን እጠቅማለሁ? የወይዘሮ ስንዱን ምስጋና ነጥቄ በምትኩ ምን እሰጣቸዋለሁ? እል ነበር። ትናንት ግን ለልምምድ ወደ ክሊኒኩ ተላክሁ። ከደንቢያ የመጣች አንዲት ወጣት እናት ተኝታለች። እብጠቷ ወጥቶ ነቀርሳ መሆኑ ታውቋል። ዶክተር አስረስ ጡቷን እንደማይቆርጡት ነገሯት።

«ክፉዋ ወጥታለች። ካንቺ በፊት እንዳንቺው የሆነች ሴት ነበረች፤ ዛሬ ደህና ናት። ነገ አገርሽ ትገቢያለሽ።»

ልጅቱ እጃቸውን ሳመች። እኔ ትሪ ይዤ ቆሜ ነበር። እንደ ወይዘሮ ስንዱ አይደለችም። እንደ ወይዘሮ ዘይነባ ናት፤ ጡቷ ካልተቆረጠ ነቀርሳው ይመለሳል። ይህን ከእኔ በቀር በዓለም ላይ የሚያውቅ ሰው የለም።

ይህን የምጽፈው በክሊኒኩ በር ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ረፍዷል። ጽፌ ስጨርስ አጥፌ ለዶክተሩ እሰጣለሁ። አንተን ያስቀደምኩህ አፌን ለማላመድ ነው። እሳቸው ሲያነቡት የዕድሜ ልክ ሥራቸው በእጃቸው ላይ እንደሚፈርስ አውቃለሁ። እኔም ከትምህርት ቤት ልባረር እችላለሁ። ልጅ ነበርኩ አልልም። ደንግጬ ነው አልልም። ይቅርታ ልጠይቃቸው የሚገባኝ ሴት ሞተዋል፤ እሳቸው ያልሰጡኝን ከአንተ ብቀበል የሰረቅሁ ይመስለኛል። አትማረኝ። ስማኝ ብቻ።

ልጅቱ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ባሏ በቅሎዋን እየጫነ ነው። ከዚህ በላይ ልጽፍልህ አልችልም። ተነሥቼ «ቆዪ፣ አትሂጂ» ልላት ነው።