ስለ አሮጌው መጻፊያ ያልነገርኳት

ቀንቼባት ነበር። ዛሬ ሌላ ስም ብሰጠው ራሴን መሸንገል ይሆንብኛል። ከደብረ ብርሃን ተዛውሬ መቀሌ፣ ሓወልቲ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ስሆን ሥራዬ መዞር ነበር። አዲስ ፕሮግራም በመጣ ቁጥር ሲዲውን ይዤ ከምድር ቤት እስከ ሦስተኛ ፎቅ አንድ በአንድ እጭናለሁ። ፕሮግራሙ እስኪጫን ሻይ ይታዘዝልኛል፤ የልጆች ጉንፋን፣ የሓድነት ሰፈር ታክሲ ሰልፍ ይወራልኛል። ትግርኛዬ የተቃናው በዚያ ሻይ ነው። በር ስከፍት ፊቱ የማይፈካልኝ ሰው አልነበረም፤ አገሬ ላይ እንኳ እንዲያ አልሆነልኝም።

ከዚያ እሷ ተቀጠረች። እንዳ ኢየሱስ ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ያኔውኑ የተመረቀች፣ ድምጿ ዝግ ያለ ልጅ ናት። ገና አርባ ያልሞላኝን ሰውዬ «ሓወቦይ» ትለኛለች፤ አጎቴ ማለቷ ነው። አክብሮት መሆኑን ባውቅም ያንገበግበኝ ነበር። ብዙም ሳትቆይ ሌሎቹን ሁሉ የሚያዘው ዋናው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ ላይ ፓኬጅ ማዘጋጀት ጀመረች። የትኛው ፕሮግራም በየትኞቹ ኮምፒውተሮች ላይ እንደሚጫን፣ በምን ቅደም ተከተል፣ ምንስ ቀድሞ መጥፋት እንዳለበት አንድ ጊዜ ትጽፋለች፤ ጠዋት ሠራተኛው ኮምፒውተሩን ሲከፍት ሁሉም በራሱ ተጭኖ ያገኘዋል። የመጀመሪያው ፓኬጅ የሠራ ቀን ኃላፊያችን በሠራተኛ ፊት አመሰገናት። እኔም አጨበጨብኩ። ቅንዓት አጥንት ያነቅዛል ሲባል እሰማ ነበር፤ እውነት መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ። ማንም ካልጠራኝ እኔ እዚያ ቤት ምን ልሆን ነው?

ቀጣዩ ፓኬጅ የአማርኛና የትግርኛ ፊደል መጻፊያ ፕሮግራም ነበር። አሮጌውን አጥፍቶ አዲሱን እንዲጭን አድርጋ አዘጋጀችውና ዝርዝሩን አትማ አመጣችልኝ።

«ሓወቦይ፣ ቤቱን እርስዎ ነዎት የሚያውቁት። የጎደለ ነገር ካለ ይንገሩኝ።»

የጎደለውን ገና ሳነበው አየሁት። መዝገብ ቤት ያሉት የድሮ ደብዳቤዎች በሙሉ የተጻፉት በአሮጌው መጻፊያ ነው፤ እሱ ከጠፋ ጽሑፉ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ይህ የትም አልተጻፈም፤ እኔም ያወቅሁት በመዞር ነው። በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ፣ ጥሩ ነው አልኳት። አመስግናኝ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ስልኩ አላቋርጥ አለ። ለጡረታ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ሊወስዱ የመጡ አንድ አዛውንት በማይነበብ ጽሑፍ ፊት ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ኃላፊያችን ኮሪደር ላይ ሰው እየሰማ ተቆጣት። ጥፋቱ የእኔ ነው አለች እንጂ ለማን እንዳሳየች ትንፍሽ አላለችም። እኔ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። የአሮጌውን መጻፊያ ሲዲ ከመሳቢያዬ አውጥቼ መዞር ጀመርኩ፤ ሻዩም መጣ፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር ተባለ። ሦስት ቀን እንደ ሙሽራ ሰነበትኩ። እሷ ደብተር ይዛ ትከተለኝ ነበር። የትኛው ክፍል ምን እንደሚያስፈልገው፣ ምን መነካት እንደሌለበት ስትጠይቀኝ፣ ሰው ፊት አዋቂ መባሉ ጣመኝና ሳልሰስት ነገርኳት።

በሳምንቱ ኃላፊያችን ሁለታችንንም ቢሮው ጠራን። አሮጌው ሳይጠፋ አዲሱ ጎን ለጎን እንዲጫን አድርጋ ፓኬጁን አስተካክላው ነበር። የስንት ዓመት ዙረቴ ሁለት ገጽ ላይ ሰፍሮ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ኃላፊያችን ሊያመሰግናት ሲጀምር አቋረጠችው።

«የእኔ ሥራ አይደለም፣ የሓወቦይ ነው። አሮጌው ከጠፋ ደብዳቤዎቹ እንደሚበላሹ ከድሮም ያውቁ ነበር። ሁሉንም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።»

ከልቧ ነበር፤ ምስጋናው ለእኔ እንዲደርስ ፈልጋ ነው። ኃላፊያችን ወረቀቱን ትቶ እኔን አየኝ።

«ፓኬጁን ከመላኳ በፊት አላሳየችህም ነበር?» አለኝ።

እሷም ፈገግ እንዳለች ወደ እኔ ዞረች። ውሸት ፈልጌ አጣሁ።

«አሳይታኛለች» አልኩ።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ሠርተናል። ጠዋት ጠዋት ሰላምታዋን ነፍጋኝ አታውቅም። አንድም ቀን ግን ወረቀት ይዛ መጥታ ይዩልኝ አላለችኝም።