ሳይቀመስ የተቆላ ቼስትነት

ጉራ ነው ከተባለ ይባል፤ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ዓመታት ኦክላንድ ውስጥ እንደ አክስቴ ቼስትነት የሚቆላ ሰው አልነበረም። ጣሊያኖቹ ይመሰክራሉ፣ ፖርቱጋሎቹም ይመሰክራሉ። እኔ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ምስክር ብቻ ሳልሆን ተከሳሽም ነኝ፤ ክሱን ስደርስበት እናገራለሁ።

ቼስትነት ለማያውቅ ሰው፣ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል፣ ባንድ ጎኑ ጠፍጠፍ ያለ፣ ልጣጩ እንደተወለወለ ቡናማ ጫማ የሚያብረቀርቅ ፍሬ ነው። ጥሬውን ቢነክሱት አፍ ይይዛል። ሲቆላ ግን ውስጡ እንደ ስኳር ድንች ይለሰልስና ይጣፍጣል። ብርዱ ሲገባ ሰው ትኩስ ትኩሱን በወረቀት ከረጢት ይዞ፣ መንገድ ላይ እየላጠ ይበላዋል።

ያን ጊዜ ፍሩትቬል አካባቢ አንድ ፍራፍሬ ሱቅ ውስጥ ካሸር ነበርኩ። አለቃዬ ወላጆቹ ከጣሊያን የመጡ፣ ፊቱ ቶሎ የሚቀላ፣ ልቡ ግን ክፉ ያልሆነ ሽማግሌ ነው። ሳን ሆዜ፣ አባቱ ግቢ ውስጥ፣ ሁለት ትልልቅ የቼስትነት ዛፎች ነበሩት። በየዓመቱ ፍሬውን በፒካፕ ያመጣና ሱቁ ደጃፍ ላይ በከሰል እየቆላ ይሸጣል። በዚያ ዓመት ግን ትከሻውን ታመመና የሚቆላለት ሰው ፈለገ።

አክስቴ በሱዳን በኩል አድርጋ እኔ ዘንድ ከመጣች አራተኛ ወሯ ነበር። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እቴቴ ነው የምላት። ሥራ የለመደ እጇ አርፎ መቀመጥ አቃተው። አፓርትመንታችን ውስጥ የሚወለወል ስታጣ የተወለወለውን ደግማ ትወለውላለች። "አንድ ሥራ ፈልጊልኝ እንጂ፤ እንደ ቁምሳጥን አስቀመጥሽኝ እኮ!" ትለኛለች። እንግሊዝኛ አትችልም፣ ዕድሜዋም ገፋ ብሏል። ሁለት ቦታ ወስጃት ሁለቱም ኮል እናደርጋለን ብለው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ቀና ትልና፣ ለእሷ አለመሆኑን ስታውቅ ወደ ውልወላዋ ትመለሳለች። ይህን ማየት በጣም ያመኝ ነበር።

እቴቴ አዲስ አበባ ሳለን ሃያ አምስት ዓመት ቆሎ ቆልታ ሸጣለች። ገብሱን፣ ሽምብራውን፣ ስንዴውን። እኔ የተማርኩት፣ የለበስኩት፣ ጫማ ያደረግሁት በዚያ ቆሎ ነው። ስለዚህ አለቃዬ የሚቆላ ሰው እንደሚፈልግ ሲናገር፣ መጀመሪያ የታየኝ የእሷ እጅ ነው። "አክስቴ ትችላለች" አልኩት።

"ኤክስፒሪየንስ አላት?" አለኝ።

ክሱ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ቆሎ ሻጭ ነበረች ማለት አቃተኝ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ "አዲስ አበባ ሬስቶራንት ነበራት" አልኩት። ለምን ብትሉኝ፣ አፍሬ ነው። ሰውዬው ቆሎ ምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም፤ እኔ ግን እሱ በማያውቀው ነገር እሱ ፊት አፈርኩ። የዚህን ያህል ሞኝ ነበርኩ።

አለቃዬ አንድ ከረጢት ጥሬ ሰጠኝና "ትለማመድ፤ የታንክስጊቪንግ በዓል ማግስት ዓርብ እናያታለን፤ ከሆነላት ሥራው የእሷ ነው" አለኝ።

እቴቴ ፍሬውን አገላብጣ አየች፣ አሸተተች፣ በጥፍሯ አንኳኳች። ከዚያ እንደ ሽምብራ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈችው፤ አጠንፍፋም የጋለ ብረት ምጣድ ላይ አፈሰሰችው። "እስኪፈነዳ ነው የሚጠበቀው" አለች በእርግጠኝነት። በእኛ አገር ቆሎ ሲፈነዳ ደስ ይላል፤ ሽምብራው ከንፈሩን ከፈት ሲያደርግ በስሏል ማለት ነው። ቼስትነት ግን ሲፈነዳ ጥይት ነው። የመጀመሪያዋ ጣሪያውን መታች። ሁለተኛዋ መጋረጃው ላይ አረፈች። እኔና እቴቴ አብዮቱን ያሳለፍን ሰዎች ስለሆንን፣ ሳንነጋገር ወለሉ ላይ ተኛን። የጭሱ አላርም ጮኸ፣ ጎረቤታችንም ግድግዳውን ደበደበ። እንደተኛን "ይሄ ፍሬ ነው ወይስ ቦምብ?" ስትለኝ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። ተነስታ የተበታተነውን እየለቀመች፣ "ሰውዬውን ጠይቂው፤ የደበቀን ነገር አለ" አለችኝ።

በማግስቱ ስጠይቀው አለቃዬ ትከሻውን እስኪያመው ሳቀና አጭር ቢላ አወጣ። ጠፍጣፋው ጎኑ ላይ ልጣጩን በመስቀል ሰንጥቆ፣ እንፋሎቱ የሚወጣው በዚህ ነው ብሎ አሳየኝ። ለእቴቴ ስለ እንፋሎቱ ብዙ አስረዳኋት፤ እሷ ግን መስቀሉን እንዳየች አማተበች። "ይኸው! እነሱም ሳያማትቡ እሳት ውስጥ አይከቱትም" አለች። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ፍሬ ስትሰነጥቅ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር።

የገና ጾም የገባው በዚያው ሰሞን ነው። እቴቴ ስትጾም ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ ውሃ እንኳ አፏ አይገባም። እኔ የማላከብረውን ሰዓት ሁሉ እሷ ታከብረዋለች። ስለዚህ በቀን ትቆላና፣ ቀድሞ የወጣውን፣ ቆየት ብሎ የወጣውንና መጨረሻ የወጣውን በየስኒ ማስቀመጫው ለያይታ ትደረድራለች። ዘጠኝ ሲሆን በተራ ትቀምሳለች፤ "ይሄ ቸኩሏል፣ ይሄ አርሯል፣ ይሄ ልክ ነው።" ለካ ምላሷ ሳይሆን ጆሮዋ ነው የሚማረው። ጥሬው ምጣዱን ሲመታ ድምፁ ድፍን ነው፤ እየበሰለ ሲሄድ ቀለል ይላል። ዓይኗን ጨፍና ትሰማና "አሁን!" ትላለች። ትኩሱን ጆንያ ላይ ገልብጣ፣ እንደ ገብስ ቆሎ አሸት አሸት ታደርገዋለች፤ የውስጡ ስስ ልጣጭም አብሮ ይለቃል። ይህን ማንም አላሳያትም።

ዓርብ ደረሰ። እቴቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ምድጃው ፊት ቆመች። ሽታው መንገዱን አልፎ ሄደ፤ ሰዉም ሽታውን ተከትሎ መጣ። እኔ ከረጢቱን እየሞላሁ፣ አለቃዬ በሩ ላይ ክንዱን አጣጥፎ ቆሞ፣ እስከ ቀትር ምንም አልጎደለም። ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ነበር።

ቀትር ላይ ጥቁር ካፖርት የለበሱ አንዲት አሮጊት ተራቸው ደረሰ። የአለቃዬ የጥንት ደንበኛ ናቸው። "በአባቴ አገር የመጀመሪያውን ፍሬ የሚበላው የቆላው ሰው ነው" ብለው፣ ከገዙት አንዱን ላጡና ለእቴቴ ዘረጉላት። እቴቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች፤ አልተቀበለችም።

"ራሷ የማትበላውን ነው እንዴ የምትሸጥልን?" አሉ አሮጊቷ። ሰልፉ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። አንዱም ከረጢቱን ከፍቶ ማሽተት ጀመረ።

አለቃዬ ፊቱ ቀላ። ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ፍሬ ስትቀምስ አለማየቱን ያኔ ነው ያስተዋለው። "ሬስቶራንት ነበራት አላልሽኝም? የማይቀምስ ኩክ የት አገር ነው ያለው? ጥሬ አብልታ የሰው ሆድ ብታሳምምብኝስ? ወይ ትቅመስ፣ ወይ ወደ ቤቷ ትሂድ።"

ወደ እቴቴ ዞርኩ። "እቴቴ፣ በሞቴ አንዷን ብቻ ቅመሺ። ሥራው ሊቀር ነው።"

"ስንት ሰዓት ነው?"

"ስድስት ተኩል።"

"እንግዲያው አልገድፍም። ጾመኛ ናት በይው።"

ነገርኩት። "ታዲያ መብሰሉን በምን ታውቃለች?" አለ።

እቴቴ እጅጌዬን ያዝ አደረገች። "ይሄ ሰውዬ ሬስቶራንት፣ ሬስቶራንት የሚለው ምንድነው?"

ፊቴን አየችና ሁሉም ገባት። አልተቆጣችም። ምጣዱ ላይ ያለው እንዳያርባት ዞር ብላ ማማሰሏን ቀጠለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

ያኔ አንድ ነገር ከውስጤ ገንፍሎ ወጣ። ሰልፉ ሁሉ እስኪሰማ በእንግሊዝኛ ተናገርኩ። "ሬስቶራንት ኖሯት አያውቅም፤ ዋሽቼሃለሁ። አክስቴ መንገድ ዳር ተቀምጣ ጥራጥሬ እየቆላች የምትሸጥ ሴት ነበረች። ሃያ አምስት ዓመት! አገራችን ውስጥ ሰው ቆሎ አብዝቶ የሚገዛው በጾም ነው፤ እሷም በጾም ነው የምትቆላው፣ ሳትቀምስ። አንድም ቀን ጥሬ ሸጣ አታውቅም። መብሰሉን በጆሮዋ ነው የምታውቀው። ካላመንክ ከምጣዱ ላይ የፈለግከውን አንሳ!"

እቴቴ በዚያች ቅጽበት ጭንቅላቷን ዘንበል አደረገችና ምጣዱን አወረደች። ጆንያው ላይ ገለበጠች፣ አሸች፣ ከፈተች። አለቃዬ ጎንበስ ብሎ ከመሃል አንድ አነሳ። ሰነጠቀው፣ አየው፣ በላው። ሌላ ከዳር አነሳ። ሦስተኛውን ለአሮጊቷ ሰጣቸው። ስምንተኛው ላይ ሲደርስ መቁጠሬን ተውኩ። አንድም ጥሬ፣ አንድም ያረረ የለም። አሮጊቷ እያኘኩ ለእቴቴ በጣሊያንኛ አንድ ነገር አሏት፤ ቋንቋውን ባላውቅም እጅሽ ይባረክ ማለታቸው እንደሆነ ከፊታቸው ያስታውቃል። አለቃዬ አፉን ጠረገና "ነገ በስንት ሰዓት መምጣት ትችላለች?" አለኝ። ከዚያም ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ፣ "አንቺ ደግሞ ሁለተኛ እንዳትዋሺኝ፤ ይሄኛው ከሬስቶራንት ይበልጣል" አለ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ እቴቴ የብርቱካን ሳጥን ላይ ተቀመጠች። አማትባ ጾሟን በቼስትነት ፈታች። አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። ከቀትሩ ሰልፍ ይልቅ ይህች ደቂቃ አስፈራችኝ።

"እቴቴ፣ ይቅር በይኝ። አፍሬብሽ ነው የዋሸሁት።"

"አውቃለሁ" አለች፣ እየላጠች።

"አሁን ነው ያወቅሽው?"

"ያኔ ትምህርት ቤትሽ በር ላይ ስቸረችር፣ ጓደኞችሽ እንዳያዩሽ ብለሽ በጓሮ በር ትወጪ አልነበር? አይሽ ነበር እኮ። ዘበኛው ያንን በር ሊዘጋው ሲል፣ በየቀኑ አንድ ስኒ ቆሎ እየሰጠሁት ነው ክፍት የተወልሽ።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የቆሎ ሻጭ ልጅ መሆኔን ሰው ሳይጠይቀኝ ነው የምናገረው።