ለእናቱ ያልገጠመ ደም

ሥራ የጀመርኩ ቀን የላብራቶሪው ኃላፊ አቶ ጌታቸው አንድ ነጭ ሰሌዳና ሦስት ብልቃጥ ከፊቴ አስቀምጠው፣ "ይህን ከተሳሳትሽ ሰው ትገድያለሽ፤ ሌላው ሁሉ ይታረማል" አሉኝ። የደም ዓይነት መለያ ነው፦ ሰማያዊው ኤን፣ ቢጫው ቢን፣ ውሃ የሚመስለው አርኤችን፣ ማለት ፖዘቲቭ ነጋቲቩን፣ ይለያል። ደም ጠብ አድርጎ ማማሰል ነው። በሰማያዊውም በቢጫውም ከቋጠረ ኤቢ፣ በሁለቱም ካልቋጠረ ኦ።

የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። ከመካነ ሰላም ገበያ መልስ ሰው የሚጎርፍበት፣ ከየወረዳው በሽተኛ በአይሱዙ የሚመጣበት ቤት ነበር። ደም ሲያስፈልግ የአገሬው ሰው መጀመሪያ የሚገፋልን ልጅን ነው። "ከማኅፀኗ ወጥቶ እንዴት አይገጥማትም?" ይላሉ።

ላይገጥማት ይችላል። ልጅ የደሙን ዓይነት የሚወስን ዘረመል ከእናቱ አንድ፣ ካባቱ አንድ ይወስዳል። ኦ የሆነች እናት የምታወርሰው ኦ ብቻ ነው፤ ኤ ወይም ቢ ከመጣ ካባት ነው። ስለዚህ ኤ ልጅ ልትወልድ ትችላለች፤ የዚያን ልጅ ደም ግን መቀበል አትችልም። ይህን ሳስረዳት፣ "ልጄን ጠላቴ አደረግሽዋ!" ብላ የተቆጣችኝ ሴት አለች።

አንድ ክረምት እትዬ ዘሀራን ከወግዲ አመጧቸው። ጨጓራቸው ደምቶ ፊታቸው እንደ ሰም ገርጥቷል። ደማቸው ኦ ነው። እኛ ጋ ያለው ደም አልቋል፤ ደም የሚመጣበትን የደሴውን መንገድ ደግሞ ጎርፍ ቆርጦታል። ዘመድ ተሰለፈ።

ከፊት የቆመው ከሳዑዲ በቅርቡ የተመለሰው ታላቁ ልጃቸው ሰይድ ነው። እጅጌውን ጠቅልሎ፣ "ሲስተር፣ ሁሉንም ውሰጅው፤ ወላሂ ሁሉንም!" ይለኛል። ሲስተር አይደለሁም፤ ግን ማረሙን ከተውኩት ቆይቷል።

ያኔ ውጤት የሚነገረው በመስኮት፣ ጮክ ተብሎ ነበር፤ ሥራ ያፋጥናል። አቶ ጌታቸው ጠሩ፦ "አባ ይማም፣ ኦ! ይግቡ! ሰይድ፣ ኤቢ! አይሆንም፣ ዞር በል!" ሌሎቹ ልጆች ሁሉ ያባታቸውን ኤ ይዘው ወደቁ።

ሰይድ ዞር አላለም። ስደት ከመውጣቱ በፊት አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሷል።

"የእማየስ ምንድን ነው?" አለኝ።

"ኦ።"

"ኦ እናት ኤቢ ትወልዳለች እንዴ? ኤው ካንዱ፣ ቢው ከሌላው ወላጅ አይደል የሚመጣው?"

ኮሪደሩን የሞላው ዘመድ ሁሉ ይሰማል። 

ከእሱም ከእትዬ ዘሀራም አዲስ ደም ወስጄ ምርመራውን ደገምኩ። ያው ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ አስገብቼው በሩን ዘጋሁ። እጅግ አልፎ አልፎ ከደንቡ የሚወጣ ሰው እንዳለ፣ እኛ ጋ ግን ያን የምናጣራበት መሣሪያ እንደሌለ ነገርኩት። ሐቁን ነው። እሱ ግን መልሱን ያገኘው ደሙን ደግሜ ስወስድ ነበር።

አባ ይማም የእትዬ ዘሀራ ወንድም ናቸው። አልጋው ላይ ተጋድመው ከረጢቱ እየሞላ ነበር። ሰይድ ሄዶ ከራስጌያቸው ቆመ።

"አጎቴ፣ እኔ የማን ነኝ?"

"ይኸ ጊዜው ነው አንተ?"

"የማን ነኝ?"

ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አነሱ። "የእህታችን፣ የመዲና። አንተን ስትወልድ ደም ፈሷት ቃሬዛ ላይ ቀረች። ዘሀራ ያን ሰሞን የራሷን ጨቅላ ቀብራ አራስ ነበረች። አነሳችህ፤ አጠባችህ። እንዳንነግርህ አስምላናለች። ዛሬ እንዳትጠይቃት፣ ባላህ ይዤሃለሁ።"

ደሙን ይዤ እትዬ ዘሀራ ወደተኙበት ክፍል ስገባ ሰይድ ከአልጋቸው ጥግ ተቀምጧል። ይጠይቃቸዋል ብዬ ፈራሁ። የቀደሙት ግን እሳቸው ናቸው።

"ሰይዴ፣ ይኸ ያንተ ነው?"

"የኔ ነው፣ እማየ። አብሽሪ።"

"አውቄዋለሁ" አሉ ቧንቧውን እያዩ።

ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን የአባ ይማምን ስም በመዳፌ ሸፈንኩት። 

አንድ ከረጢት አልበቃቸውም። ሌላ ኦ ከዘመዱም ከሠራተኛውም ጠፋ። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ አረፉ።

ከቀብሩ በኋላ ሰይድ ወደ ላብራቶሪው መጣ። ተቀመጥ ስለው እምቢ አለ።

"ያን ቀን ባትጮኹት ኖሮ ልጇ ሆኜ እቀብራት ነበር" አለኝ።

"ልጇ ሆነህ ነው የቀበርካት።"

"ታዲያ ለቀስተኛው ለምን እሷን ትቶ ዓይን ዓይኔን ያየኛል? እህቶቼ እንኳ ሲያለቅሱ ከኔ ራቅ ብለው ነው።"

  ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ስደት መሄዱን ሰማሁ።

በመስኮት መጥራቱን አቶ ጌታቸው ራሳቸው አስቀሩት። ለአዲስ ባልደረቦች የምለው አንድ ነገር ነው፦ የደም ዓይነት ለባለቤቱ ብቻ፣ በር ተዘግቶ ይነገራል። ሰልፉ ይረዝማል። ይርዘም።