በበቆሎ አገዳ የተሠራው ድልድይ

ይህ የሆነው አምና፣ በታላቅ ወንድሜ በታሪኩ ለቅሶ ላይ ነው። ከለቅሶው ብዙውን አላስታውስም። ይህን ግን አስታውሳለሁ።

ታሪኩ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሲቪል ምህንድስና መምህር ሆኖ ነበር። ማስተማር ከጀመረ ወር አልሞላውም። ቅዳሜ ወደ እኛ ወደ ሁምቦ ሲመጣ የተሳፈረበት ሞተር ተገለበጠ።

በእኛ አካባቢ ለቅሶ ላይ የሟቹ ዕቃ ይያዛል። ሰውየው ምን እንደነበረ በዚያ ይታያል። ሰኞ ጠዋት አባቴ ጠራኝ።

«የወንድምህን የሥራ ዕቃ አምጣ» አለኝ። «መምህር ሲሆን ያየው ሰው የለም። ምን ይዤ ልቁም?»

ሄድኩ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ቢሮውን ከፈተችልኝ። ጠረጴዛና ወንበር አለ። መሳቢያውን ሳብኩት፤ ባዶ ነው። ኮምፒውተር ገና አልተሰጠውም። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። አባቴን ምን እንደምለው ብቻ አስብ ነበር።

ሁለት ተማሪዎች አንኳኩተው ገቡ። ሲያዩኝ ደነገጡ። ከታሪኩ ጋር በመልክ እንመሳሰላለን።

«ወንድሙ ነህ?» አለች ልጅቷ።

«ነኝ» አልኩና የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

ልጁ በሁለት እጁ ድልድይ ይዟል። ከበቆሎ አገዳ የተሠራ፣ በሲባጎ የታሰረ፣ ክንድ የሚያህል።

«ቲቸር ያዘዘን ነው» አለ። «አገዳውን ራሱ ከአባቱ ማሳ በማዳበሪያ ከረጢት አምጥቶ አራገፈልን።»

«እኛማ የከብት መኖ ነው ብለን ስቀንበት ነበር» አለች። «ዛሬ ድንጋይ ጭኜ እፈትነዋለሁ ብሎን ነበር። ለማን እንደምናስረክብ ጠፋን።»

«ድንጋዩን ይችል ነበር» አለ ልጁ፤ ድልድዩንም ሰጠኝ።

በሚኒባስ ጭኔ ላይ አድርጌው ተመለስኩ። ረዳቱ፣ «ምንድነው ይሄ፣ የዶሮ ቤት?» አለኝ።

«ድልድይ ነው።»

«ታዲያ ማን ሊሻገርበት ነው?»

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም አብሬ የሳቅሁ ይመስለኛል።

አባቴ ድልድዩን ተቀብሎ አገዳውን ዳሰሰው። ከየት እንደመጣ ነገርኩት። ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ለቀስተኛው መሃል ገባ። «ልጄ ይህን ነበር የሚያስተምረው!» እያለ በወላይትኛ ጮኸ። ሁሉም አለቀሰ። እኔ ቆሜ አየሁ።

ድልድዩ አሁን ሳሎን፣ ቁም ሣጥኑ ላይ ነው። እንግዳ ሲመጣ አባቴ ያሳየዋል። ምን ያህል እንደሚሸከም ማናችንም አልሞከርንም። አንዳንዴ ብቻዬን ስሆን ከደጅ ድንጋይ አንስቼ እገባለሁ። አጠገቡ ትንሽ እቆምና ድንጋዩን መልሼ አወጣዋለሁ። እስካሁን አላለቀስኩም።