ከቀለሙ ሥር የወጣው መስመር

ዛሬ የኢንሹራንሱ ገማች የሳሎናችን ግድግዳ ላይ እጁን አሳርፎ ቆመ።

ባለፈው ሳምንት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ቤታችን ገብቶ ዕቃችንን አበላሽቶብናል፤ ሰውየው የመጣው ለካሳው ሊገምት ነው። ፍራሹን አየ፣ ፍሪጁን አየ። "የቴሌቪዥኑ ደረሰኝ አለሽ?" አለኝ። አቦ፣ የቴሌቪዥን ደረሰኝ የሚያስቀምጥ ሰው ድሬ ውስጥ ካለ አስተዋውቁኝ!

"ውሃው እስከየት ደረሰ?" ሲለኝ ወገቤ ጋ ያለውን የጭቃ መስመር አሳየሁት።

"ይሄስ?" አለ ወደ ላይ እያየ።

እርጥበቱ ቀለሙን ልጦታል። ከሥሩ ሌላ የቆየ የጭቃ መስመር ወጥቷል፤ ከቁምሳጥኑ በላይ። እኛ ደግሞ የተረፈንን ሁሉ "እዚህ አይደርስም" ብለን የደረደርነው ቁምሳጥኑ ላይ ነው።

አከራያችን "አዲስ ቀለም አስቀብቼላችኋለሁ" ሲለን መርቀነው ነበር የገባነው።

እዚሁ ሰፈር ያደገችውን ጎረቤቴን ሀዋን ጠርቼ አሳየኋት። "ወላሂ፣ የምታውቁ መስሎኝ" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ከእናንተ በፊት የነበሩት፣ ዕቃ እናውጣ ብለው ተመልሰው ገብተው..." በጣቷ የላይኛውን መስመር አሳየችኝ።

ይሄን ስጽፍ ድሬ ላይ ፀሐይ ነው። ጎርፉ የሚነሳበት የደንገጎ ተራራ ግን በደመና ጠቁሯል።

ደቻቱ ዳር የምትኖሩ፣ እስቲ ግድግዳችሁን ፋቅ ፋቅ አድርጉና ያያችሁትን ንገሩኝ። ዛሬውኑ፣ ሳይመሽ።